የሕንፃው ሰዎች ዝላይ

ከኤስካሌተር ስትወርዱ የትኛውን እግራችሁን ታስቀድማላችሁ?

አታውቁም። ቀኙን የምትሉ አላችሁ፤ ግራውን የምትሉ አላችሁ፤ ሁላችሁም የምትናገሩት ግን ግምታችሁን ነው። ተረከዛችሁ መቼ እንደሚነሳ፣ ጫማችሁ የት እንደሚያርፍ ከእናንተ ይልቅ አጥርቶ የሚያየው ከኋላችሁ የቆመው ሰው ነው። ይህን ተራ ነገር ንቆ የተወ አንድ የሕንፃ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ያልናቀች ደግሞ አንዲት ጠበቃ ነበረች። በሁለቱ መካከል የአንዲት ልብስ ሰፊ ቀኝ እግር ነበር።

ልብስ ሰፊዋ የጠበቃዋ አክስት ናት። ጠበቃዋ ገና ድክ ድክ ስትል እናቷ ሞታባት፣ ወስዳ ያሳደገቻት፣ ከስፌት መኪናዋ ሥር በጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል እያጫወተች ለወግ ለማዕረግ ያበቃቻት እሷ ናት። ጠበቃዋ "እትዬ" ትላታለች። አክስትየዋ ግን የእህቷን ልጅ በስሟ ጠርታት አታውቅም። ልጅት ጠዋት ከአልጋዋ ከወረደች ማታ እስክትተኛ መጠየቅ የማይደክማት ስለነበረች "ጥያቄ" ብላ አወጣችላት፤ በዚያው ቀረ። የእጅ መርፌ ቀዳዳዋ በጭራዋ ሆኖ የመኪናዋ መርፌ ለምን በጫፏ ሆነ? ጎረቤታችን ሲያስነጥስ ዓይኑን ለምን ይጨፍናል? ውሻ ከመተኛቱ በፊት ለምን ይዞራል? አክስትየዋ የምታውቀውን ትመልሳለች፤ የማታውቀውን "እሱን አድገሽ ትነግሪኛለሽ" ብላ ታሳድረዋለች። ልጅት አድጋ ሕግ ተማረች። ጥያቄው ግን አልለቀቃትም፤ እንዲያውም እንጀራዋ ሆነ።

አደጋው የደረሰ ዕለት አክስትየዋ ያሳጠረቻቸውን ሱሪዎች በፌስታል ይዛ ወደ አንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ሄደች። ሱሪዎቹ ላይኛው ፎቅ ላይ ሱቅ ያለው የአንድ ልብስ ነጋዴ ናቸው። የቆየ ደንበኛዋ ነው፤ ሌላ ጊዜ ራሱ ቤቷ ድረስ መጥቶ ይወስዳል። ያን ዕለት ሱቁን የሚጠብቅለት አጥቶ፣ ብቅ ብለሽ አድርሺልኝ ብሎ በስልክ ለመናት። ስለዚህ በዚያ ኤስካሌተር ስትወጣ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። እጀታውን ይዛለች። ፊቷን ወደፊት አድርጋለች። ፌስታሉን በደረቷ አቅፋለች። ጥፋት የሚባል ነገር አልሠራችም።

ደረጃዎቹ ተራ በተራ እየተዘረጉ ወለሉ ሥር የሚገቡበት አፍ ላይ፣ ጠጋኞች "ማበጠሪያ" የሚሉት ጥርሳም ብረት አለ። ጥርሶቹ በደረጃዎቹ ላይ ባሉት ቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ይገቡና ቆሻሻ፣ ገመድ፣ የጫማ ጫፍ ወደ ውስጥ እንዳይሳብ ይከላከላሉ። ከእነዚያ ጥርሶች አንዳንዶቹ ወላልቀው ነበር። የአክስትየዋ ጫማ ጫፍ በወለቀው በኩል ገባ፤ ብረቱ ሳበው፤ ጣቶቿ ተከተሉ። ዘበኛው ሮጦ ቀዩን ማቆሚያ እስኪጫን ድረስ የሆነው ሁሉ ሆኖ ነበር። ሱሪዎቹ ወለሉ ላይ ተበትነው ቀሩ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ሁለት ጣቶቿ አብረዋት አልወጡም። እግሯ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ያለዚያ ዕድሜዋን ሙሉ እንዳነከሰች ትኖራለች። የስፌት መኪናዋ ደግሞ በእግር የምትረገጥ ናት። ሐኪሞቹ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ግዢ ሲሏት "እጄ ያለ እግሬ አይሰፋም" አለቻቸው። የቀለደች መስሏቸው ሳቁ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ትዕግሥተኛውንም ሰው ከትዕግሥቱ ያወጣል። የሕንፃው ባለቤት ጠያቂ ሲመጣበት ወደ ጥገና ድርጅቱ አሳየ። ጥገና ድርጅቱ፣ ብልሽት አለ ብሎ የጠራን ሰው የለም አለ። ኢንሹራንሱ ሁለቱንም በጨዋነት አዳምጦ ጣቱን ወደ ተጎጂዋ ቀሰረ። ጣት ለጎደላት ሴት ጣት መቀሰር ምን ዓይነት ድፍረት እንደሆነ እነሱ ይወቁት። እንዲህ እንደ ኳስ ሲቀባበሏት ከርመው በመጨረሻ ጠበቃዋ ስትከሳቸው ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ወክሎ ተናገረ። ይህ ሰው በሕንፃው ውስጥ "ክራባት" በሚል ስም ይታወቃል፤ ሙቀትም ይሁን ወበቅ ክራባቱን አላልቶ ያየው የለም። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በፍርድ ቤት፣ አክስትየዋ ፊት ለፊት ተቀምጣ እያለ እንዲህ አለ።

"በየቀኑ ስንት ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ማንም ምንም አልሆነም። እኚህ ሴት ኤስካሌተር አልለመዱም፤ ችግሩ ይኸው ነው።"

ከዚያ የባሰው ግን ቤት ከገቡ በኋላ መጣ። አክስትየዋ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ሰውየው ውሸቱን ላይሆን ይችላል አለች። ሌላው ሁሉ በሰላም ሲወጣ እኔ ብቻ ከወደቅኩ ያላወቅኩበት እኔ ነኝ ማለት ነው አለች። ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ሥራ ቀና ብላ የኖረች ሴት ናት፤ አሁን ለአንድ ክራባት አንገቷን ደፋች። የጠፋውን ጣት ማንም አይመልሰውም። ይህን አንገት ግን መመለስ ይቻላል፤ ጠበቃዋ የያዘችው ክርክር በዋናነት የዚህ ነበር።

ዳኛው ሽማግሌ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። የማበጠሪያው ጥርስ መውለቁን ማንም እንዳልካደ አስታወሱ። ሥራ አስኪያጁ ግን ጥርሱ ያን ዕለት፣ ምናልባትም በሴትየዋ በራሷ ጫማ ምክንያት ወልቆ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በፊት ስለመውለቁ የሰማነው ነገር የለም ብሏል። ዳኛው ወደ ጠበቃዋ ዞረው፣ ክርክሩ በአንዲት ነገር ላይ እንደሚቆም ነገሯት። ብልሽቱን አውቀው ከተዉት ይጠየቃሉ፤ ካላወቁት ሌላ ነው።

"ማወቃቸውን አሳዪኝ" አሏት። "በሚቀጥለው ቀጠሮ ካላሳየሽኝ መዝገቡን እዘጋዋለሁ።"

ጠበቃዋ በማግሥቱ ወደ ሕንፃው ሄደች። ያገኘችው ነገር ወሽመጧን ቆረጠው። ማበጠሪያው አዲስ ነው። ከአደጋው ማግሥት ተቀይሮ፣ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብለጨልጫል። አሮጌው የት እንደገባ ብትጠይቅ ዘበኛው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ቁራሌው ወስዶታል አለ፤ ውሃ በልቶታል ማለት ነው። ወዲያ ወዲህ ብትል የምትይዘው አጣች። ከኤስካሌተሩ አናት ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ገብታ ተቀመጠችና፣ ሌላ ሥራ ስላልነበራት የሚወጣውን ሰው ማየት ጀመረች።

በጭንቅላቷ ውስጥ የምትመላለሰው የሥራ አስኪያጁ ቃል ናት። ማንም ምንም አልሆነም። ሰውየው ይህን እንደ መከላከያ ነው የተናገረው። እሷ ግን እንደ ልጅነቷ፣ ቃሏን ገልብጣ ከሥሯ አየቻት። እውነት ለምን ማንም ምንም አልሆነም? ጥርሱ ያን ዕለት ካልወለቀ፣ ቀድሞ ወልቆ ከርሞ ከነበረ፣ ያ ሁሉ ሻጭ፣ ያ ሁሉ ጽዳት ሠራተኛ፣ ያ ሁሉ ዘበኛ ጣቱን ይዞ እንዴት ኖረ?

ሻይዋ ቀዘቀዘ። አንዲት ሴት የገበያ ቦርሳ አንጠልጥላ ወጣች፤ ማበጠሪያው ላይ ረግጣ አለፈች። አባትና ሴት ልጁ ወጡ፤ ረግጠው አለፉ። ከዚያ የሻይ ቤቷ አስተናጋጅ ባዶ ብርጭቆዎች በትሪ ይዛ ከታች መጣች። አፉ ጋ ስትደርስ ተረከዟን አንሥታ፣ ብረቱን ሳትነካ፣ ኩሬ እንደምትሻገር ሰው እንጣጥ ብላ ወለሉ ላይ አረፈች። ከብርጭቆዎቹ አንዱም አልተንቀጫቀጨም። ጠበቃዋ ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች።

ጽዳት ሠራተኛዋ መጣች፤ ዘለለች። ዘበኛው መጣ፤ ያ ከባድ ቦት ጫማውን እንደ ድመት አንሥቶ ዘለለ። የስልክ ሱቅ ሠራተኞች እየተሳሳቁ መጡ፤ አንዱም ሳቁን ሳያቋርጥ ተራ በተራ ዘለሉ። ገበያተኛው ግን ሁሉም ይረግጣል። ማንም ማንንም አላየም፤ ማንም ወደ እግሩ አልተመለከተም። ብረቱ እንከን የለውም፤ ሰዎቹ ግን ከሕንፃው ከሆኑ ይዘሉታል፣ እንግዳ ከሆኑ ይረግጡታል። ደህና ብረት ለምን ይዘለላል?

ከሻይ ቤቷ አጠገብ አንድ ፀጉር አስተካካይ አለ፤ ደንበኛ ሲጠፋ በሩ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚያጫውት፣ ምላሱ ከመቀሱ የፈጠነ ሰው ነው። ከምሳ ሲመለስ እሱም ሲዘል አይታዋለችና ሄዳ በግልጽ ጠየቀችው። ሰውየው ከልቡ ተገረመ።

"እኔ ነኝ የምዘለው? እህቴ፣ ልጆች የወለድኩ ሰው ነኝ እኮ። ምን ያዘልለኛል?"

እስኪ ወርደህ ውጣ አለችው። ቀልድ ሲያገኝ የማይምር ሰው ነውና ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ወረደ፤ ወጣ። ዓይኑን ብረቱ ላይ ተክሎ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ ረግጦት አለፈ። ከዚያ እጆቹን ዘርግቶ ለአስተናጋጇም፣ ለዘበኛውም፣ ላለፈ ላገደመውም፣ ይቺ ጠበቃ ፌንጣ አድርጋኝ ልትከስ ነው እያለ አሳቀባት። ዘበኛውም ሞከረ፤ ረግጦ አለፈ። ጠበቃዋ ዓይኗን ማመን አቃታት። የተሳሳተችው እሷ መሰላት። አቀርቅራ ወደ ቤቷ ሄደች።

አክስትየዋ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ የጎረቤት ቀሚስ በእጇ ትዘመዝማለች። መኪናዋ ማዶ፣ ጨርቅ ለብሳ ቆማለች። ለእህቷ ልጅ የአንዲት ደንበኛዋን ወሬ እየነገረቻት ነበር፤ ሴትየዋ ወፍሬአለሁ ማለት አትወድምና ቀሚሱ በእጥበት ጠበበ እያለች ስንቴ እንዳሰፋችው። ወሬዋ ሲደራ፣ መርፌዋም ሲፈጥን፣ ጠበቃዋ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር አየች። የአክስቷ ቀኝ እግር፣ ከእነ ፋሻው፣ ባዶው ወለል ላይ ይረግጣል። ተረከዝ፣ ጫፍ፣ ተረከዝ፣ ጫፍ። ከሥሩ ምንም የለም። እግሩ ግን መኪናዋን ያንቀሳቅሳል።

"እትዬ፣ እግርሽን እዪው።"

እግሩ ቆመ። አክስትየዋ እግሯን አየችና ሳቀች፤ እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው አለች። እስኪ ድገሚው ስትላት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ጫፉ ሲቀድም ተረከዙ ይቀራል፣ ተረከዙ ሲነሳ ጫፉ ይደናገራል። "እያየሽኝማ እንዴት ይሆናል" አለች። "እግር የሚያውቀው ስትረሺው ነው።"

ጠበቃዋ ዘላ አክስቷን አቀፈቻት። አክስትየዋ ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት፣ መርፌው እንዳይወጋሽ እያለች ታባርራት ጀመር።

በማግሥቱ ጠበቃዋ ፀጉር አስተካካዩን ከሕንፃው በር ላይ ጠበቀችው። ስለ እግር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ስለ ትናንቱ ቀልድ ይቅርታ የጠየቀች መስላ አብራው ኤስካሌተሩ ላይ ወጣችና፣ በሥራህ ላይ ከገጠመህ ደንበኛ ሁሉ ያስቸገረህ ማን ነው አለችው። ከዚህ የበለጠ የሚወደው ጥያቄ የለም። እንቅልፍ ወስዶት ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ በግማሹ የሄደ ሰው ታሪክ ጀመረ። የሰውየው ሚስት ቤት አላስገባም ያለችበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከእነ ታሪኩ እንጣጥ ብሎ ብረቱን ዘለለው።

ወለሉ ላይ እንዳረፈ እሷ ዝም ብላ ወደ እግሩ አየች። እሱም አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ጫማዎቹን የሌላ ሰው ጫማ ያደረገ ይመስል አገላብጦ አያቸው።

ከዚያ በሱቁ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ነገራት። ጥርሶቹ የወለቁት ከአደጋው ብዙ ቀደም ብሎ ነው። መጀመሪያ ብረቱ የእሱን ሶል በላ፤ ቀጥሎ የጽዳት ሠራተኛዋን መወልወያ፤ ቀጥሎ የአንዷን ሻጭ የጫማ ተረከዝ። "እዚያ ጋ ዝለል" ይባባሉ ነበር። በኋላ መባባሉ ቀረ፣ መዝለሉ ግን ቀጠለ፤ ልብ ያለው ሰው የለም፤ አዲስ የሚቀጠረውም ሌሎቹን እያየ ይለምደዋል። ለሥራ አስኪያጁ ነግራችሁት ነበር ወይ ስትለው አንገቱን ደፋ። ተከራዮች በተሰበሰቡበት በአፍ ነግረውታል። ኤስካሌተሩ ለጥገና ከቆመ ገበያተኛ ላይኛው ፎቅ አይወጣም፣ የምትከስሩት እናንተው ናችሁ፣ ተጠንቀቁ ብሎ መለሰላቸው። ተጠነቀቁ። ለራሳቸው ዝላይ፣ ለእንግዳው ዝምታ ተካፈሉ።

ይህን በፍርድ ቤት ትናገራለህ ወይ አለችው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አንሥቶ አስቀመጠ። የሱቁ ውል ሊታደስ ነው፤ የሚያድሰው ሥራ አስኪያጁ ነው።

"አትጥሪኝ፣ እህቴ። ብትጠሪኝም አላውቅም ነው የምለው። ጠርተሽ ውሸታም አታድርጊኝ።"

ሌሎቹንም ዞራ አናገረቻቸው። ሁሉም ስለ አክስቷ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ሁሉም አላየንም፣ አልሰማንም አሉ። ልብስ ነጋዴው፣ ያ ሱሪ አምጪልኝ ብሎ የጠራት ደንበኛ፣ እሱም ከሚዘሉት አንዱ ነው። ያን ዕለት በስልክ ሲለምናት፣ እዚያ ጋ ስትደርሺ እግርሽን አንሺ ማለት ትዝ አላለውም። ዓይኗን ማየት አቅቶት ሱሪ ያጣጥፍ ጀመር። ያጠፈውን ይፈታል፣ የፈታውን ያጥፋል።

ጠበቃዋ ለሐዘኑ ጊዜ አልነበራትም። ምስክር የለም፤ ብረቱ የለም። የቀራት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። ቢሮው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ በየቀኑ በዚያው ኤስካሌተር ይወጣል። እሱም ይዘላል? ለማየት ጠብቃው ነበር፤ ግን እሷን ባየ ቁጥር ወደ አሳንሰሩ ይዞራል። ብታየውስ ማን ያምናታል? ማየት ያለባቸው ዳኛው ናቸው። ማየት ያለባቸውም እሱ ሳያውቅ ነው፤ ስለ እግር አንድ ቃል ከሰማ እንደ ፀጉር አስተካካዩ ረግጦ ያልፋል፣ መዝገቡም ይዘጋል።

ስለዚህ በቀጠሮው ቀን ስለ ዝላይ ትንፍሽ ሳትል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ፍርድ ቤቱ ቦታውን መጥቶ ይይልኝ አለች። የኢንሹራንሱ ሰው ደስታውን መደበቅ አቃተው። አዲሱ ብረት እንደ መስታወት እያበራ ምን ልታሳይ ነው? ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በክብር እንቀበላለን አለ። ዳኛው በመነጽራቸው በላይ አይተዋት ፈቀዱ።

ዳኛውና ተከራካሪዎቹ ሕንፃው ጋ ሲደርሱ አክስትየዋ በምርኩዝ ቆማ ጠበቀቻቸው። ኤስካሌተሩን ማየትም አልፈለገችም፤ ዘበኛው በአሳንሰር አውጥቶ ላይ አናቱ ጋ አቆማት። ሻጮቹ ከየሱቃቸው ብቅ አሉ። ፀጉር አስተካካዩ የፀጉር ማበጠሪያው በእጁ እንዳለ በሩን ተደግፎ ቆመ። ከታች ሥራ አስኪያጁ ዳኛውን ወደ አሳንሰሩ ሊመራ እጁን ዘረጋ፤ ክቡርነትዎ እንዳይደክሙ አለ። ዳኛው፣ የተከሰሰው አሳንሰር አይደለም አሉት።

ጠበቃዋ በትሕትና ጎንበስ ብላ፣ ቤቱን የሚያውቀው ይምራን አለች። ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን አስተካክሎ ቀድሞ ወጣ። እሷ ከጎኑ ቆመች። ዳኛው ከኋላው ቆሙ። ከዳኛው ኋላ የኢንሹራንሱ ሰውና የጥገናው ሰው ተከተሉ። ደረጃው ተሸክሟቸው ሽቅብ ተነሣ።

ዝም ብላ ብትወጣ እግሩን ያስባል። እግሩን ካሰበ አለቀላት። ዕድሜዋን ሙሉ ጠይቃለች፤ እንደዚህች ጥያቄ ግን የከበደቻት የለችም። ድምፅዋን አለሳልሳ፣ ከጣሪያው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ መብራት አሳይታ፣ እንዲህ ያለ መብራት የትም አላየሁም፣ ማን መረጠው አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ በራ። የመረጠው እሱ ነው። ባለቤቱ ሌላ ይፈልግ ነበር፤ እሱ ነው የተከራከረው። ሲሰቀል ሠራተኞቹ ገልብጠው ሊሰቅሉት እንደነበር፣ እሱ ባይደርስ ጉድ ይፈላ እንደነበር፣ መሰላሉን ራሱ ይዞ እንዳሰቀለው፣ አንገቱን ወደ መብራቱ አቅንቶ፣ በእጁ ክብ እየሠራ ይተርክላት ጀመር። ደረጃው ወደ አፉ ተጠጋ። "እኔ ባልደርስ ኖሮ" አለ፤ በዚያው ቃል ላይ ተረከዙ ተነሣ፤ ያ ግዙፍ ሰውነት ከእነ ክራባቱ እንጣጥ ብሎ ብረቱን ተሻግሮ ወለሉ ላይ አረፈ፤ ቃሉም ሳይቋረጥ "ተሰብሮ ነበር" ብሎ ጨረሰ።

ዳኛው ብረቱን ረግጠው አለፉና ቆሙ። ወደ ብረቱ ተመለከቱ፤ አዲስ ነው፣ ምንም የለውም። ወደ ሥራ አስኪያጁ ጫማ ተመለከቱ። ከሱቆቹ በኩል አንዲት ሻጭ አፏን በእጇ ያዘች።

ጠበቃዋ ያን ጊዜ ብቻ ጠየቀች። "ለምን ዘለሉ?"

አልዘለልኩም አለ። ዳኛው፣ ዘለሃል፣ ከኋላህ ነበርኩ አሉት። ሥራ አስኪያጁ ወደ ብረቱ ዞረ፣ ወደ ጫማው ዞረ፣ ወደ ተከራዮቹ ዞረ። ላብ ከክራባቱ በላይ ብቅ አለ። "ልማድ ነው" አለ፤ "ዝም ብሎ ልማድ ነው።" ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ራሱ ሰማው። ፈጠን ብሎ፣ ዝርዝሩን በጠበቃችን በኩል በጽሑፍ እናቀርባለን፣ አሁን ወደ ቢሮ እንግባ፣ ሻይ ተዘጋጅቷል አለ።

የሚሄድ ሰው ግን አልተገኘም። አክስትየዋ በምርኩዟ ወደፊት መጥታ መንገዱ ላይ ቆማ ነበር። ከአደጋው ወዲህ ለዚህ ሰው ስትናገር አቀርቅራ ነው፤ አሁን ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። ቀኝ እግሯ ከእነ ፋሻው፣ አዲሱ ብረት አጠገብ ነበር።

"ልጄ፣ አልለመደችም ብለህ ፍርድ ቤት ተናግረሃል። እውነትህን ነው፤ አልለመድኩም። አንተ ግን ለምደሃል። እግርህ ምን አይቶ እንደለመደ ንገረኝ። በጠበቃ አትላክብኝ፣ ጽሑፍም አልፈልግም። እዚሁ ቆመህ፣ እኚህ ዳኛ እየሰሙ፣ እነዚህ አብረውህ ሲዘሉ የኖሩ ሁሉ እየሰሙ፣ በአፍህ መልስልኝ፤ ምኑን ነበር የምትዘለው?"